ለተከዜ የሚሆን ገመድ

ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.
አበርገሌ፣ ተከዜ ዳር

ለዘመነ ገብረ አምላክ፣ ባለህበት

ጤና ይስጥህ። ያለህበትን ባሕር የሚገዛው አምላክ ከማዕበሉም ከሰው ክፋትም ይሰውርህ። እናትህ እታለም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ሌላ የለባትም። እኔም ደህና ነኝ። አልጠየቅኸኝም፣ ግን ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በቆጠርኳት ፊደል፣ በገዛ እጄ ነው። ሌላ ሰው ባስጽፍ ነገራችን በኒሯቅ ገበያ ይወራ ነበር። ከሄድክ ስድስት ዓመት ሆነህ። ለእናትህ ስትጽፍ የኔን ስም አንድ ቀን አንስተህ አታውቅም፤ ደብዳቤህን የማነብላት ግን እኔ ነኝ። «ያ ሰውዬ» ብለህ የጻፍክላትንም ያነበብኩላት እኔው ነኝ። አባትህን በነሐሴ ሙላት ሰው ከማሻግርባት ሳንቃዬ ላይ ተከዜ ወሰደው፤ በሁለተኛው ዓመት እናትህን አገባሁ። አንተ ይህን ቂም ይዘህ አገር ለቀህ ሄድክ። እኔ ደግሞ እዚሁ ሆኜ ያንኑ ውሃ በየቀኑ አያለሁ። የማንኛችን እንደሚብስ አንተው ፍረድ።

የጻፍኩት ግን ለዚህ አይደለም። የአገራችን ልጅ ምንዋጋው ለገና ካላችሁበት አገር መጥቶ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «ዘመነ የሚሠራው የባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ ነጮቹ ሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል ላይ ይሄዳሉ። ሳንቃው እንዳይጠፋባቸው በገመድ ከራሳቸው ጋር ያስሩታል፤ ገመዱን የሚመርጥላቸው ዘመነ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሳንቃዬን አሁን ውሃ ላይ የማንሳፍፋት ሥሯ ባሰርኩት ስድስት ባዶ ጀሪካን ነው። ክረምት ሲገባ ማዶ የሚሻገር ታማሚ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ቄስ አለ። እነሱን ላይዋ ላይ አስቀምጬ እኔ ከኋላ እየዋኘሁ እገፋለሁ። ደራሽ ውሃ ሲመጣ ሳንቃዋ ከእጄ ታመልጣለች። ጠፍር ሞከርኩ፤ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ቋጠሮው ግን ይጠብቃል። ቃጫ ሞከርኩ፤ ወገቤን ላጠኝ። ከሰቆጣ ናይለን አስመጣሁ፤ ቋጠሮው ይንሸራተታል። አንተ ጋ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ካለ ላክልኝ። ለእኔ ብለህ ካልሆነ ለሚሻገረው ሰው ብለህ።

ካሤ

———

ሚያዝያ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.
ኬፕታውን

ለአቶ ካሤ

ጤናዎን ይስጥልኝ። እናቴን ደህና አድርገው ስለያዙ እንዳመሰግንዎት ይጠበቅብኛል፤ አመሰግናለሁ።

ምንዋጋው ወሬ ይወዳል፣ ይህ ግን እውነት ነው። የምሠራው ሳንቃ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ከባሕር ሲመለሱ ሳንቃውን በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ፣ የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ ገመዱን እየጎተትሁ እመረምራለሁ። እዚህ «ሊሽ» ይሉታል። ደህናውን መልሼ እሰቅላለሁ፣ የደከመውን እጥላለሁ። ነፋሱ በበረታበት ቀን የትኛው ገመድ ለየትኛው ሰው እንደሚሆን የምነግራቸውም እኔ ነኝ።

አባቴን ያለ አንዳች ማሰሪያ ውሃ ውስጥ ይዘው የገቡ ሰው ዛሬ ገመድ ማማረጥ መጀመርዎ ይገርመኛል። ስምንት ዓመት ዘገዩ።

ቢሆንም ለምኖት ነፈገው እንዳይባል አንድ ገመድ በፖስታ ልኬያለሁ። ጠንካራ ነው። አንዱን ጫፍ ከሳንቃው ጋር ያስሩት፤ ተጣባቂ ጨርቅ ያለበትን ሌላውን ጫፍ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ አጥብቀው ይጠምጥሙት።

የሚከተለውን ለእናቴ ያንብቡላት። ከዚህ በላይ ያለውን ይዝለሉት።

እማዬ፣ እግርሽን እስም። ጉልበትሽን ያመመሽ ብርዱ ነው ወይስ መንገዱ? ሰቆጣ ወጥተሽ ሐኪም ቤት ታዪ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው፣ ጸሎትሽ ይደርሰኛል።

ዘመነ

———

ሐምሌ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.
አበርገሌ፣ ተከዜ ዳር

ለዘመነ

ጤና ይስጥህ፤ የላክኸውን ይተካልህ።

ገመዱን ሰቆጣ ድረስ ወጥቼ ተቀበልኩ። ለእናትህ ያልከውን አነበብኩላት። ዝለለው ያልከውንም እኔ ደግሜ አነበብኩት።

እንግዲህ እወቅ፤ ገመዱን ለራሴ አላሰርኩትም። እኔ ዋና አውቃለሁ፣ እናትህ አታውቅም። እህቷ ታይቱ ማዶ ታማ ተኝታለች። እታለም በየሳምንቱ «አሻግረኝ» ትለኛለች፤ እንቢ ብላት በእግሯ ልትገባ ነው። ስለዚህ ያንተን ገመድ እንዳልከው ቁርጭምጭሚቷ ላይ አጥብቄ አሰርኩላት። «ልጄ ከባሕር ማዶ የላከልኝ ነው» እያለች ለሰው ሁሉ ታሳያለች።

ዘንድሮ ተከዜ ከሰኔ ጀምሮ ሞልቷል። ውሃው ጭቃ ብቻ አይደለም፤ ግንድ ከነሥሩ ያወርዳል፣ ትናንት የሞተ በሬ አሳለፈ። እኛ ግን እየተሻገርን ነው። ገመድህ ጠንካራ ነው ብለሃልና።

ካሤ

———

ነሐሴ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.
ኬፕታውን

አቶ ካሤ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት ያንን ገመድ ከእናቴ እግር ላይ ይፍቱት። ይቁረጡት። ያቃጥሉት።

ሰቆጣ ለምንዋጋው ወንድም ሱቅ አምስት ጊዜ ደወልኩ። «ወደ አበርገሌ የሚወርደው መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል፣ ሰው አይሄድም፤ ሰው ሲገኝ እንልካለን» አለኝ። መልእክቱ ይድረስዎት አይድረስዎት አላውቅም። 

ገመዱን ያነሳሁት ሊጣል ከተቀመጠ ክምር ውስጥ ነው። ጫፉ ላይ ካለው የሚሽከረከር ብረት አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ ስንጥቅ አለው፤ አጠፍ ሲያደርጉት ነጭ ይሆናል። ፀሐይ ያደረቀው ነው። ደግሞም ቀጭን ነው፣ ለተኛ ውሃ የተሠራ። ይህን ሁሉ አይቼ አሽጌ ላክሁት። የላክሁት ግን ለእርስዎ ነበር። ለእሷ አልነበረም። ይህን ቃል በእጄ ስጽፍ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወስደው ለዳኛም ያሳዩት፣ ግድ የለኝም። እሷን ብቻ ከዚያ ገመድ ያውጡልኝ።

ሌላም አለ። ያ ገመድ አዲስ ቢሆን እንኳ እግር ላይ አጥብቀው ይጠምጥሙት ያልኩዎት ውሸት ነው። እግር ላይ የሚታሰረው ባሕር ላይ ነው፤ ማዕበሉ ሰውና ሳንቃን አብሮ ያነሳል፣ አብሮ ይጥላል። የሚወርድ ወንዝ እንዲህ አይደለም። ሳንቃው ድንጋይ ቢይዘው ውሃው ሰውየውን እየገፋ ይዘረጋዋል፣ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊፈታ አይችልም። ለወንዝ የሚሆነው ወገብ ላይ ታስሮ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው እግርዎ ላይ ይጠምጥሙ ያልኩት።

የሚሆነውን ፈልጌ እልካለሁ። እስከዚያ እናቴ አትሻገር። እባክዎን። አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ አለች ብለው አንድ መስመር።

ዘመነ

———

ጥቅምት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.
አበርገሌ፣ ተከዜ ዳር

ለዘመነ

እናትህ አለች።

ደብዳቤህ የደረሰኝ መንገዱ ሲደርቅ፣ ባለፈው ሐሙስ ነው። የስልኩም ቃል የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ሁለት ወር ተኩል እንዴት እንዳሳለፍክ አውቃለሁ። እንድታሳልፈው ነው ያደረግሁት።

ገመዱን ገና ሰቆጣ ላይ ሳልነሳ ፈትቼ አየሁት። ሠላሳ ዓመት በገመድ የኖርኩ ሰው ነኝ። በጣቴ መካከል ሳሳልፈው ስንጥቁ ላይ ቆመ። አራት ጣት ብለሃል፣ አምስት ነው። አጠፍ ሳደርገው ነጣ። ባለማወቅ ልኮት ይሆን ብዬ ማሰብ ፈልጌ ነበር። ግን በደብዳቤህ የደከመውን የምጥለው እኔ ነኝ ብለሃል። እዚያው የፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ እናትህ ታስራዋለች ብዬ ጻፍኩልህ። አስሬላት አላውቅም። ማዶ ስትሄድ እኔው ነኝ ደረቴ ላይ ይዣት የምሻገር። ገመድህ ፍየል ታስራበት ነበር፤ ፍየሏም በጥሳዋለች።

አሁን የኔን ደግሞ ስማ። ከአባትህ ሞት ወዲህ የማንንም እግር ከሳንቃ ጋር አስሬ አላውቅም።

ገብረ አምላክ ያለ ማሰሪያ አልገባም። ዋና ስለማይችል «እሰረኝ» አለኝ። እኔም ቀኝ እግሩን በጠፍር ከሳንቃዋ ጋር አሰርኩት፤ በደንብ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ። መካከል ላይ ግንድ መጥቶ ገለበጠን። ሳንቃዋ ሁለት ቋጥኝ መካከል ተሰነቀረች። አባትህ ከሥሯ ነበር። ጠልቄ ቋጠሮውን ያዝኩ። ረጥቧል፣ ውሃው ጎትቶ አጥብቆታል፣ ጣቴ አልገባልህ አለኝ። ቢላ አልያዝኩም። በጥርሴ ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ለትንፋሽ ወጥቼ ተመለስኩ። መጀመሪያ ስመለስ ትከሻዬን ያዘኝ። ሁለተኛ ስመለስ እጁ አልተንቀሳቀሰም።

ለሰው «ተንሸራቶ ወደቀ» አልኩ። ለእናትህም ያንኑ አልኩ። ቋጠሮውን የቋጠርኩት እኔ ስለሆንኩ። ገመድ የጠየቅሁህም ለዚህ ነው። የሚያጠብቅ ሞልቶኛል፤ በአንድ ጉተታ የሚፈታ አጣሁ። አሁን እንዲህ ያለ መኖሩን በእጅህ ጽፈሃል።

አንተ ልትገድለኝ ፈለግህ፣ እኔ ሳልፈልግ አባትህን ገደልኩ። ሁለታችንም አሁን ተዋወቅን። ገመዱን ላክ።

ካሤ

———

ታኅሣሥ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.
ኬፕታውን

ካሤ፣

«እርስዎ» እዚህ ላይ አበቃ። ሁለት ጊዜ ቋጥረህ፣ ያለ ቢላ ሙላት ውስጥ ይዘኸው ገብተህ፣ ሲሞት አይተህ፣ «ተንሸራተተ» ብለህ እናቴን አገባህ። እኔ ስምንት ዓመት የጠላሁህ ለትንሹ ኖሯል።

ደብዳቤህን አንብቤ ሳበቃ ለማንም ምንም ላልልክ ምዬ ነበር። ሦስት ሳምንት በመሐላዬ ላይ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። የሱቃችን ባለቤት ከሆዱ ሥር የብረት ክንፍ የተተከለበት ሳንቃ አለው። ሲፈጥን ከውሃው ወደ ላይ ተነስቶ በክንፉ ብቻ ይሄዳል፤ «ፎይል» ይሉታል። ኃይለኛ ነፋስ በነበረበት ቀን «አጭሩን ገመድ አምጣልኝ፣ ረጅሙ ይጠላለፍብኛል» አለኝ። «በዚህ ማዕበል አጭር አይሆንም፤ ስትወድቅ ገመዱ ተለጥጦ ሳንቃውን ከነብረቱ ወደ አንተ ይመልሰዋል» አልኩት። «አንተ ሠራተኛ ነህ፣ ያልኩህን አምጣ» አለኝ። ሰጠሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጭኑ እስከ አጥንቱ ተተልትሎ ተሸክመን አወጣነው። ሐኪሙ አተረፈው። እኔ ግን አሸዋው ላይ ደሙን እያየሁ ቆሜ «ይህ አውቄ የሰጠሁት ሁለተኛው ገመድ ነው» አልኩ። ሦስተኛ አልፈልግም።

ስለዚህ ልኬያለሁ። ላንተ ብዬ አይደለም። አንብብ፣ አትዝለል።

የወገብ ቀበቶ ነው። ገመዱ ከሌባ ጣትህ ይወፍራል፤ ቀጭኑ በውሃ ውስጥ አይጎትትህም፣ ግን በመጀመሪያው ግንድ ይበጠሳል። ርዝመቱ የሳንቃህን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ሳንቃዋ ብትዞር ጭንቅላትህን እንዳታገኝ። ሁለቱም ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ብረት አለ፣ ገመዱ እንዳይከረር። ቀበቶው ላይ ቀይ ኳስ አለ። እሷን ስትጎትት ሁሉም ይፈታል፤ ቋጠሮ የለውም፣ ውሃ ቢገፋውም ይፈታል። ሱቁ ውስጥ ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱንም ከመኪና ጋር አስሬ በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬ ጎተትኳቸው። ሁለቱ ዘገዩ፣ ጣልኳቸው። ከአምስቱ የተሻለው ይህ ነው። ኳሷን ሁልጊዜ ከፊትህ አድርጋት። አሸዋ አይግባባት፣ ፀሐይ ላይ አትተወው። ክረምት ሳይገባ ዓይንህን ጨፍነህ ደረቅ መሬት ላይ መቶ ጊዜ ጎትት።

ለእናቴ እውነቱን ንገራት። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ የምታነብላት አንተ መሆንህ ነው የያዘኝ።

ዘመነ

———

መስከረም 8 ቀን 2000 ዓ.ም.
አበርገሌ፣ ተከዜ ዳር

ለዘመነ

አዲሱን ዘመን ለምሕረት ያድርግልህ። ብዙ ቆየሁብህ፤ የቆየሁት የምነግርህ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ስለመጣ ነው።

ቀበቶው በየካቲት ደረሰኝ። ያልከኝን አደረግሁ። መቶ ሳይሆን ከዚያ በላይ ጎተትኩ፤ እናትህ «ሰውየው አበደ» አለች። ለእናትህ ግን አልነገርኳትም። ነገ እያልኩ ክረምት ገባ።

ነሐሴ 15 ቀን፣ ለፍልሰታ መፍቻ፣ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ማዶ ለመቀደስ «አሻግረኝ» አሉኝ። ውሃው አላማረኝም። «አባ፣ ነገ ይሁን» አልኳቸው። «ሕዝቡ አሥራ አምስት ቀን ጾሞ ማን ይቀድስለት?» አሉኝ። ገባን። እናትህና ሌሎች ሰዎች ዳር ቆመው ያያሉ።

እኩሌታው ላይ ግንዱ መጣ። ሳንቃዋን መትቶ ወደ ታች ወሰዳት፤ እንደዚያን ጊዜው ቋጥኝ መካከል ተሰነቀረች። ቄሱ ዘለው ድንጋዩን ያዙ። እኔን ውሃው ከሳንቃዋ ሥር ከተተኝ። ገመድህ አልተበጠሰም። እንደ ብረት ተወጠረ፣ ወገቤን ይዞ እዚያው አስቀረኝ። ምንም አላይም። አባትህ የነበረበት ቦታ ነው ያለሁት ብዬ አሰብኩ። እጄ ግን ሳልነግረው ኳሷን አገኛት። ጎተትኩ። ውሃው ወስዶ ከታች ሾላው ዘንድ አወጣኝ። ናይለን ይዤ ተመልሼ ቄሱንም አወጣኋቸው። ቀበቶህንም ከሳንቃዋ ፈትቼ ያዝኩት። ሳንቃዋ ሄደች።

ዳር ተቀምጬ ልብሴን እጨምቅ ነበር። አፌ አመለጠኝ፤ «ያኔ ይህ ቢኖር ገብረ አምላክ አይሞትም ነበር» አልኩ።

እናትህ ነጠላዋን ልታለብሰኝ እየመጣች ነበር። ቆመች።

«ለምን?» አለችኝ። «ተንሸራቶ ወደቀ አላልከኝም?»

በእጄ የያዝኩትን ቀበቶ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ካሤ፣ አስረኸው ነበር?»

«አዎ።»

ነጠላዋን መልሳ ለበሰች። ቤት ስንገባ «ደብዳቤዎቹን ሁሉ አምጣ። ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ አንድ ቃል ሳትዘል አንብብ» አለችኝ። አነበብኩ። ያንተንም፣ ረቂቁን ያስቀረሁትን የራሴንም። ስንጥቁን አነበብኩ። በእሷ ስም የዋሸሁህን አነበብኩ። ጠፍሩን አነበብኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችኝም። ሳበቃ፣ «የልጄ ገመድ ብዬ ለሰው አሳየሁ ያልከውን ከየት አመጣኸው?» ብቻ አለችኝ። «ፈጠርኩት» አልኳት።

 ጳጉሜን ስትገባ ውሃው ጎደለ፤ እኔም አዲስ ሳንቃ ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ዕቃዋን አስራ መጣች። «ታይቱ ዘንድ አሻግረኝ» አለችኝ። «እስከ መቼ?» አልኳት።  ቀበቶውን ራሷ ታጠቀች። እንዴት እንደሚጎተት አሳየኋት። ስንሻገር ሌላ ጊዜ እንደምትይዘኝ አልያዘችኝም፤ ሳንቃዋን ነው የያዘችው። ማዶ ስንደርስ ኳሷን ጎተተች፣ ቀበቶው ከወገቧ ወርዶ እግሬ ሥር ወደቀ። አንስታ አልሰጠችኝም።

ለአንተ ያለችውን እንዳለችው እጽፋለሁ። «ዘመነን እንዲህ በለው፤ በገዛ ባሌ ላይ ሞት አሽጎ የላከ እጅ ገመድም ልብስም አይላክልኝ። ልጄ ከሆነ መጥቶ በፊቴ ይናገር። ካልመጣም እኔ ለሁለታችሁም አልሞትኩም፣ ታይቱ ዘንድ አለሁ።»

ከእንግዲህ የሚያነብላት እኔ አይደለሁም፤ የታይቱ ልጅ ጥሩሐረግ ናት። ደግ ልጅ ናት፣ አትዘልም። እኔ ጋ አትጻፍ። የምንባባለው አልቋል።

ከመጣህ ግን ወደ ማዶ ሌላ አሻጋሪ የለም። ዳሩ ላይ ቆመህ ተጣራ።

ካሤ